ሆዱን የገለጠ ሰዓት፦ ከጄኔቫው ጋለሪ እስከ ጎጃም ባሕረ ሐሳብ

አባቴ የእጅ ሰዓታቸውን በየወሩ በልደታ ማለዳ ያርሙ ነበር። ሰዓቱ ቀን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረችው፤ በመስኮቷ ሥር የሚዞረው ክብ ግን የተሠራው 31 ቀን ላለው ወር ስለሆነ፣ የእኛ ወር በ30 ተፈጽሞ አዲሱ ሲጠባ መስኮቷ «31» ብላ ትመጣለች። እርሳቸውም በጎን ያለችውን መሙያ ሳብ አድርገው አንዴ ያዞሯትና «1» ላይ ያሳርፏታል። ጳጉሜ ሲያልቅ ሥራው ይበዛል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት መስኮቷ «6» ስለምትል፣ ወደ «1» ለመመለስ 26 ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል። በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት፣ 25 ይበቃል። ቁጥሩን ጮክ ብሎ መቁጠር የእኔ ድርሻ ነበር።

ያ ሰዓት ይነግረን የነበረውን ሁሉ ዛሬ የእጅ ስልክ ከእርሱ በተሻለ ይናገራል። እንግዲህ ጊዜን ለማወቅ የማያስፈልግ ሰዓት ለምን ይሠራል? ለምንስ እንደ ሐውልት መቆሚያ ላይ ተደርጎ፣ መብራት በርቶለት ይታያል? ጥያቄው ሲታይ የባለጠጎች ቅንጦት ብቻ የሚመለከት ይመስላል። እኔ ግን በጎጃም ከተሞች የሰዓት ጠጋኙ መቀመጫ ወደ ሞባይል ጥገና በተለወጠበት፣ የቀጥቃጩና የሸማኔው ልጅ ከአባቱ ሙያ በሚሸሽበት በአሁኑ ጊዜ፣ ጥቅሙን ሌላ መሣሪያ የወሰደበት የእጅ ሙያ በምን መንገድ ሊተርፍ እንደሚችል ከዚህ ጥያቄ የምንማረው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

በስዊዘርላንድ ጄኔቫ፣ በአሮጌው የከተማው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ማድ ጋለሪ የሚባል ቤት አለ። የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ኤም ቢ ኤንድ ኤፍ የተባለውን አነስተኛ የሰዓት ድርጅት የመሠረተው መሐንዲሱ ማክሲሚሊያን ቡሰር ነው። የዚህ ድርጅት ሰዓቶች ከለመድነው ክብ ሰዓት ጋር በመልክ አይገናኙም፤ አንዱ ጥንድ የጄት ሞተር ይመስላል፣ ሌላው ዐይኖቹ የፈጠጡ እንቁራሪት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በሰዓት መሸጫ መስኮት ውስጥ ከሌሎች ሰዓቶች ጋር ቢደረድሩት ተመልካቹ ግር ይለዋል፤ መሥራቹም ሥራዎቹ ከሰዓት መደብር ይልቅ በሥነ ጥበብ ቤት ውስጥ ቢታዩ ይገባቸዋል ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡም አድጎ የራሱን ጋለሪ እስከ መክፈት አደረሰው። ማድ የሚለው ስም የተወሰደው «የመካኒክ ጥበብ መሣሪያዎች» የሚል ፍቺ ካላቸው ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ከሰዓቶቹ ጎን የሌሎች ባለሙያዎች ሥራም ይታይበታል። አሜሪካዊው ቦብ ፖትስ የወፍ ክንፍንና የመቅዘፊያን እንቅስቃሴ በብረት ዘንግ የሚያስመስልባቸው ቅርጾች፣ ጀርመናዊው ፍራንክ ቡክቫልድ ከናስና ከብረት የሚገጣጥማቸው መብራቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ማሽንን እንደ ጥበብ ማየት ግን በዚህ ቤት አልተጀመረም። በስዊዘርላንድ ኒውሻቴል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ፒየር ዣኬ ድሮ፣ ልጁና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. ከ1768 እስከ 1774 የሠሯቸው ሦስት በሞላ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ይገኛሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ትርፉን አራግፎ፣ የታዘዘውን ጽሑፍ ይጽፋል፤ በሆዱ ውስጥም ወደ 6,000 የሚጠጉ ክፍሎች አሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሠዓሊዎቹና ቀራጮቹ ራሳቸው ወደ ብረቱ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1955 በፓሪስ የዴኒዝ ሬኔ ጋለሪ ለተንቀሳቃሽ ጥበብ ብቻ የተዘጋጀ ትርኢት አሳየ፤ በዚያ ከታዩት አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ቲንግሊ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 በባዝል ከተማ የሠራው ፏፏቴ ስለ ጎጃም ቀጥቃጮች ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። የከተማው አሮጌ ቲያትር ቤት ሲፈርስ ከመድረኩ የተረፈውን ብረታ ብረት ለቅሞ፣ ውኃ እየረጩና እየቀዘፉ የሚወዛወዙ ማሽኖች አድርጎ፣ መድረኩ በነበረበት ቦታ ላይ አቆማቸው። የእኛም ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ ገዝቶ በፍሙ አለስልሶ ማረሻና ማጭድ ያወጣል። ሁለቱም ሥራዎች የሚነሡት ሌላው ሰው ወድቋል ብሎ ከተወው ብረት ነው፤ የመጀመሪያው በከተማ አደባባይ የሠሪው ስም ተጠርቶለት ሲቆም፣ ሁለተኛው ግን ገበያ ላይ ያለ ስም ይሸጣል።

የመካኒክ ሰዓት ከመሣሪያነት ወደ ጥበብነት የተሻገረው በፍላጎቱ ሳይሆን ተገፍቶ ነው። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። የኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል፤ በዛሬዎቹ ሰዓቶች ውስጥ በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ነው። በመካኒክ ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ቀጭን ቀለበት ግን በሰኮንድ የምትመታው አምስት ወይም ስምንት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የመርገብገቡ ፍጥነት ሲጨምር ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥሩ የመካኒክ ሰዓት በቀን የሚያዛንፈውን ጥቂት ሰኮንድ፣ ርካሹ የባትሪ ሰዓት በወር ያዛንፈዋል። ውጤቱ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 90 ሺህ ሰው ይሠራበት የነበረው የስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 30 ሺህ ወረደ። አባትና ልጅ ሲቀባበሉት የኖረው ሙያ መሣሪያዎቹ በኪሎ እስከ መሸጥ ደረሰ።

ታዲያ ምን አተረፈው? ብዙ ሰው ማስታወቂያና ዝና ነው ይላል፤ እውነትነት አለው፣ ሆኖም በቂ መልስ አይደለም። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ሰዓት ሠሪዎቹ መሸፈኑን መተዋቸውን ነው። ሰዓቱ መሣሪያ በነበረበት ዘመን ሞላው፣ ጥርስ ጎማውና ቀለበቷ ከገጹ በስተጀርባ ተደብቀው ይሠሩ ነበር፤ ሰዓቱን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ቆጣሪዎቹን ብቻ ነበርና። ጥቅሙ ሲወሰድ የቀረው እንቅስቃሴው ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው ወደ ፊት መጣ። ኤም ቢ ኤንድ ኤፍ ጋለሪው በተከፈተበት በዚያው ዓመት ያወጣው ሌጋሲ ማሽን ቁጥር 1 ይህን ጎልቶ ያሳያል፤ ትልቋ ቀለበት ከገጹ በላይ፣ እንደ ድልድይ በታጠፈ ብረት ላይ ተንጠልጥላ፣ በሰኮንድ አምስት ጊዜ ስትመታ በግልጽ ትታያለች። ተመልካቹ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከማየቱ በፊት ጊዜው እንዴት እንደሚቆረጥ ያያል።

ሌላው ነገር ስም ነው። በድርጅቱ መጠሪያ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ጓደኞች ማለት ናት። ለእያንዳንዱ ሰዓት ጥርሱን የቀየሰው፣ መያዣውን የሠራው፣ በእጁ የወለወለው ሰው በስሙ ተዘርዝሮ ይወጣል። ይህ በሰዓት ሥራ ዓለም የተለመደ አልነበረም፤ ታላላቆቹ ስሞች ሥራውን ከየመንደሩ ባለሙያ እየገዙ የራሳቸውን ማኅተም ብቻ ያትሙበት ነበር። የጋለሪውን ፍሬ ነገር ከመብራቱና ከመስተዋቱ ይልቅ እዚህ ላይ አገኘዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ የመካኒክ ሰዓት ሥራንና የመካኒክ ጥበብን ሙያ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር የመዘገበው የሰዎችን ዕውቀት እንጂ ሰዓቶቹን አይደለም። መዝገቡ የእኛን መስቀል፣ ጥምቀትና የገዳ ሥርዓትም የያዘው ነው።

ዋጋውን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ከእነዚህ ሰዓቶች ብዙዎቹ ከ100 ሺህ የስዊስ ፍራንክ በላይ ይሸጣሉ፤ አንድ የእጅ ሰዓት ለአንድ ሙሉ የገጠር ትምህርት ቤት የሚበቃ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ልብን ያሳምማል፤ ለእኔም ያመኛል። ነገር ግን ከጋለሪው የሚወሰደው ዘዴ በፍራንክ የሚገዛ አይደለም፤ እንቅስቃሴውን መግለጥና ሠሪውን በስሙ መጥራት ምንም አያስከፍልም።

በጎጃም ምድር ሊገለጥ የሚገባው እንቅስቃሴ ሞልቷል። የቀጥቃጩን ወናፍ ቀርቦ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሁለት የፍየል ቆዳ አቁማዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ሌላው አፉን ዘግቶ ወደ ፍሙ ይተነፍሳል፤ እጆቹ ተራ ስለሚገቡ ነፋሱ አይቋረጥም፣ እሳቱም አይወርድም። ወናፍ የሚነፋው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ አባቱ ብረቱን በጉጠት ይዞ ቀለሙን እያየ፣ ያለ ቃል፣ በአገጩ ብቻ «ጨምር» ወይም «ተው» ይለዋል። ሸማኔውም እንዲሁ፤ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ሁለቱን መርገጫዎች በተራ ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል፣ ድሩ ይገለበጣል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። ሰዓት ሠሪዎች የሞላውን ኃይል በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጠ የሚለቀውን መሣሪያ የሰዓት ልብ ይሉታል፤ የሸማኔው እግር የሚሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም፣ ረጅሙን ሥራ በእኩል ምት ይቆርጠዋል።

እንቅስቃሴው ሳለ ስሙ የጠፋው በራሳችን እጅ ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስናርቀው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎም በገጠር ለጋብቻ ሲጠያየቁ «አባቱ ምን ይሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም። በዚህ ምክንያት ዕውቀቱ በቤት ውስጥ ተደብቆ ኖረ፤ የተደበቀ ዕውቀት ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማኖር ግድ ይላል። የስዊዘርላንዱ ሰዓት ጋለሪ የገባው ሥራ ካጣ በኋላ ነው፤ የጎጃም ማረሻ ግን ዛሬም ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል። በሕይወት ያለን መሣሪያ ከመስተዋት ጀርባ አቁሞ «ድሮ እንዲህ ነበር» ማለት ስሕተት ነው፤ ለቱሪስት ብቻ ተብለው በሚሠሩ የባህል ማዕከሎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ቀጥቃጩን እንደ ሙት ቅርስ ማስጎብኘት አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የእጁ ዕውቀት እርሱም እኛም ከዚህ በፊት ያልሞከርነውን አዲስ ሥራ ቢያገኝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዘመንንና በዓላትን ከምናሰላበት ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ መነሻ አላይም።

የፈረንጆቹ የዘመን አቆጣጠር በጥርስ ጎማ ሲሠራ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ወሩ 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን ስለሚሆን ማሽኑ እያንዳንዱን ወር ለይቶ ማወቅ አለበት። ኤም ቢ ኤንድ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውና የሰሜን አየርላንዱ ሰዓት ሠሪ ስቲቨን ማክዶኔል የቀየሰው ሰዓት ይህን ለመፍታት ወሩን ሁሉ ከ28 ቀን ይጀምርና እንዳስፈላጊነቱ ቀን ይጨምርበታል፤ ሰዓቱ በጠቅላላው 581 ክፍሎች አሉት። እንዲያም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. የ2100 የካቲት (ፌብሩዋሪ) 29ኛ ቀን ስለማይኖረው፣ «ዘለዓለማዊ» ከሚባሉት እነዚህ ሰዓቶች አብዛኞቹ ያን ጊዜ በሰው እጅ መታረም ይኖርባቸዋል።

የእኛን እንይ። አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ናቸው፤ ልዩ የምትሆነው ጳጉሜ ብቻ ናት፣ እርሷም 5 ወይም 6 ናት፤ ስድስት የምትሆነውም ሳይዛነፍ በየአራት ዓመቱ ነው፣ የሚዘለል መቶ ዓመት የለም። ስለዚህ ማሽኑ 13 እርከን ያለው አንድ የወር ጎማ፣ በዓመት አንዴ አንድ እርምጃ የምትሄድ አራት ጥርስ ያላት አንዲት ጎማ ቢኖሩት ይበቃዋል። የአራቱ ጥርሶች ስም አስቀድሞ ወጥቶላቸዋል፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ናቸው። በሉቃስ ላይ ጥርሷን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት በ2100ም ሆነ ከዚያ በኋላ እርማት አይጠይቅም፤ አባቴንም 26 ጊዜ አያስዞራቸውም ነበር።

ከዚህ የሚልቀው የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት ነው። አቡሻኽር የተባለው የዚህ ስሌት መጽሐፍ ሊቃውንት ዓመተ ዓለምን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ ለ19 ገድፈው (ከፍለው ትርፉን ይዘው) ከቀሪው አንድ ሲያጐድሉ ወንበር የሚባለው ቁጥር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕን ይሰጣል። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ ለ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፣ ወንበሩ 12 ይሆናል፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። በመጥቅዑ ቁጥር የተገኘው መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድን ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 7 ጨምረን ነነዌ ጥር 25 ቀን፣ ከእርሷ 69 ቀን ቆጥረን ፋሲካን ሚያዝያ 4 ቀን እናገኛለን። ይህ ሁሉ 19 ጥርስ ባላት አንዲት ጎማና የሰባቱን ቀናት በምትይዝ ሌላ ጎማ ሊሄድ የሚችል ነው። በመካኒክ መሥራት እንደሚቻልም ማስረጃ አለ፤ ዣን ባቲስት ሽዊልጌ በስትራስቡርግ ካቴድራል እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ በሠራው ትልቅ ሰዓት ውስጥ የምዕራባውያኑን ፋሲካ የሚያሰላ ማሽን አለ፤ በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ፣ በዘመን መለወጫ፣ ይነቃና አዲሱን ቀን አውጥቶ ተመልሶ ይተኛል። በቅርቡም የሰዓት ኩባንያዎቹ ብላንፓን እ.ኤ.አ. በ2012 የቻይናን፣ ፓርሚጂያኒ ከጥቂት ዓመት በፊት የሂጅራን አቆጣጠር በእጅ ሰዓት ሠርተዋል።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ ጎጃም ውስጥ አለ። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ፖሊ ቴክኒክ ነበራት፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል መሐንዲሶችን ያስመርቃል፤ የመመረቂያ ሥራቸው በወረቀትና በኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሚቀር አንድ ዓመት ለዚህ ቢውል ምን ይጎዳል? የአብነት ትምህርት ቤቶቹን ዲማና ዋሸራን ባፈራ ምድር ስሌቱን በቃሉ የሚያወጣ መሪጌታ አይታጣም። ናሱንና ብረቱን የሚያለሰልሰው ቀጥቃጭ ከገበያው ዳር ተቀምጧል። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ጋለሪ የምለውም ያን ጠረጴዛ ነው። ማሽኑ የሰው ቁመት ይኑረው፣ ጎማዎቹ ሳይሸፈኑ ይታዩ፣ ገጹ በ24 ደቂቃ አንድ ኬክሮስ እየቆጠረ ዕለቱን በ60 ይክፈል፣ በሥሩም የመሪጌታው፣ የተማሪዎቹና የቀጥቃጩ ስም በእኩል ፊደል ይጻፍ። መቆሚያውም ሕዝብ በነጻ የሚያልፍበት ቦታ ይሁን።

ይህን ሐሳብ ደብረ ማርቆስ ላሉ አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ ነገርኳቸው። አንድ ክንድ በማትሞላ የመስተዋት ሣጥናቸው ውስጥ ዛሬ የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ይበዛል፤ ማጉያ መነጽራቸውና ወረንጦዋቸው ግን በቦታቸው ናቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ቀኑን የምትለውጠው ማታ ነው ጠዋት?» አሉኝ። አልገባኝም ነበር። «የፈረንጁ ሰዓት ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን እንደ ሰዉ ነው የምንገጥመው» ብለው አስረዱኝ። «ካህናቱ ሲመጡ ዕለቱ ከዋዜማው ይገባልና ማታ 12 ሰዓት ላይ እንዲለወጥ አደርግላቸዋለሁ፤ ገበሬውና ነጋዴው ሲመጣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። ማሽንህን ከመጀመርህ በፊት ይህን ጠይቅ፤ መጀመሪያ የሚገጠመው ጥርስ እርሱ ነው።» ከዚያም ወረንጦዋቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው እየተመለሱ «የአባትህ በጠዋት ነበር የሚለወጠው» አሉኝ።